ከማሳዬ የተቀጠፈው የቡና ቅጠል የት ደረሰ?

የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በዚህ ዕትም የምንመልሳቸው ደብዳቤዎች በሙሉ ከጅማና ከአካባቢዋ የደረሱን ናቸው። ሁሉም በአንድ ጉዳይ ዙሪያ ያጠነጥናሉ፦ ሳይንቲስቶች በየዕለቱ ሥራቸው ላይ ቴክኖሎጂን የሚጠቀሙበት እንዴት ነው? የመጀመሪያው ደብዳቤ ብዙ ነገር ስለሚነካ ሰፋ ያለ ቦታ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ «የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ ጤና ይስጥልኝ። በጎማ ወረዳ፣ አጋሮ አካባቢ የምኖር ቡና አምራች ነኝ። አምና ክረምት ሊገባ ሲል ሦስት ተመራማሪዎች ማሳዬ ድረስ መጥተው ነበር። በየዛፉ ሥር ስልክ የሚመስል መሣሪያ ይዘው ጥቂት ይቆማሉ፤ ከዚያ ቁጥር የተቀረጸበት ትንሽ ቆርቆሮ ቅርንጫፉ ላይ ያስራሉ፤ በመጨረሻም ለጋ ቅጠል ቀጥፈው ዶቃ የመሰሉ ጠጠሮች ባሉበት ከረጢት ውስጥ ይከታሉ። ውጤቱን እናሳውቅዎታለን ብለውኝ ሄዱ፤ እስከ ዛሬ ወሬያቸው የለም። ይህን ሁሉ መሣሪያ ይዘው ዓመት የሚፈጅባቸው ለምንድን ነው? የትኛው ዛፍ በሽታ እንደሚቋቋም እኔ በዓይኔ አይቼ የማውቀውን ጠይቀውኝ ቢሄዱስ አይሻልም ነበር?»

መልስ፦ ከመጨረሻው ጥያቄዎ እንነሣ። የቡና ፍሬ በሽታ፣ ማለትም በአረንጓዴው ፍሬ ላይ ጥቁርና ጎድጎድ ያለ ቁስል አውጥቶ የሚያረግፈው በሽታ፣ በኬንያ በ1922 እ.ኤ.አ. ተመዝግቦ በአገራችን የታወቀው በ1971 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያን ጊዜ ዛሬ ቤተ ሙከራዎች የሚመኩባቸው አብዛኞቹ መሣሪያዎች ገና አልተፈለሰፉም ነበር። ተመራማሪዎቹ ያደረጉት እርስዎ እንደሚያደርጉት ነው፦ በሽታው ፍሬውን ጠራርጎ ያረገፈበት ቦታ ገብተው፣ በባዶ ዛፎች መካከል ፍሬውን እንደተሸከመ የቆመውን ዛፍ በዓይናቸው ፈለጉ። እርስዎና ጎረቤቶችዎ በቁጥር ብቻ የምትጠሯቸው እንደ 74110 እና 74112 ያሉ የቡና ዝርያዎች ከዚያ ፍለጋ የተገኙ ሲሆኑ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች ምርጫው የተካሄደበትን የ1974 እ.ኤ.አ. ዓመት ያስታውሳሉ። ሥራው የተሠራውም ከእርስዎ ማሳ ብዙም በማይርቀው፣ በመልኮ በሚገኘው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ነው። ስለዚህ ዓይንዎ ትልቅ ዋጋ አለው፤ የመጡት ተመራማሪዎች ስለየዛፉ ታሪክ ሳይጠይቁዎት ሄደው ከሆነ ጥፋቱ የእነርሱ ነው።

ነገር ግን ዓይን ብቻውን የማይለየው አንድ ነገር አለ። በሽታው ያልነካው ዛፍ በሽታውን ተቋቁሞ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ደግሞ አምልጦ ሊሆን ይችላል። ነፋሱ ወደዚያ ባይነፍስ፣ ፍሬው ከሌሎቹ ቀድሞ ቢደርስ ወይም ቦታው ፀሐያማ ሆኖ ጤዛው ቶሎ ቢደርቅ፣ ደካማውም ዛፍ ጤነኛ መስሎ ይከርማል። ሁለቱን ለመለየት ተመራማሪው በሽታ አምጪውን ፈንገስ በሳህን ላይ ያበቅልና በንጹሕ ውኃ ያጥበዋል፤ ከዚያም አንዲት ጠብታ በጥቃቅን መስመሮች በተከፋፈለ መስተዋት ላይ አድርጎ በማይክሮስኮፕ ሥር የፈንገሱን ዘሮች አንድ በአንድ ይቆጥራል። በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 2 ሚሊዮን ገደማ እስኪሆን ድረስ ያቀጥነዋል ወይም ያወፍረዋል፤ ያንኑ በገና ለጋ ችግኞች ግንድ ላይ ያሳርፍና እርጥበት ባለበት ክፍል ውስጥ ለሳምንታት ይከታተላቸዋል። ቆጠራው የሚያስፈልገው ሁሉም ችግኝ እኩል መጠን ያለው በሽታ እንዲደርሰው ነው። አለበለዚያ አንዱ የሞተው ደካማ ስለሆነ ይሁን ብዙ ስለፈሰሰበት ማወቅ አይቻልም።

አሁን ወደ መሣሪያዎቹ እንምጣ። ስልክ የሚመስለው ጂፒኤስ ነው። ከምድር በላይ 20,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው ከሚዞሩ ሳተላይቶች ቢያንስ የአራቱን ምልክት ይቀበልና፣ ምልክቱ ለመድረስ የፈጀበትን ጊዜ አስልቶ የቆመበትን ቦታ ያውቃል። ተመራማሪዎቹ በየዛፉ ሥር የቆሙት መሣሪያው ምልክቱን አጥርቶ እስኪይዝ ሲጠብቁ ነው። የጎማ ቡና ግን በብርብራ፣ በሳሳና በዋንዛ ጥላ ሥር ያለ ቡና ነው። ጥቅጥቅ ያለ ቅጠል ምልክቱን ስለሚያዳክመውና ስለሚያንጸባርቀው፣ መሣሪያው አምስት ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ሊሳሳት ይችላል። በሁለት ቡናዎች መካከል ያለው ርቀት ደግሞ ብዙ ጊዜ ሁለት ሜትር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ያ ሁሉ ሳተላይት ተመራማሪውን ማሳዎ ድረስ ይመልሰዋል እንጂ ዛፉን አያሳየውም፤ ዛፉን የምታሳየው ያቺ ቆርቆሮ ናት። እባክዎን ልጆች እንዳይነቅሏት ይጠብቁልን። እርሷ ከጠፋች በቤተ ሙከራ ያለው ቅጠል ከየትኛው ዛፍ እንደመጣ የሚነግር ነገር የለም።

ዶቃ የመሰሉት ጠጠሮች ሲሊካ ጄል ይባላሉ፤ እርጥበት መጣጭ ናቸው። የተቀጠፈ ቅጠል ሲጠወልግ በውስጡ ያለው ዲኤንኤ፣ ማለትም የዛፉን ባሕርይ የያዘውና ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈው መረጃ፣ መፈራረስ ይጀምራል፤ በጠጠሮቹ መካከል ሲቀመጥ ግን ሳይበሰብስ ቶሎ ይደርቃል። አንዳንዶቹ ጠጠሮች እርጥበት ሲሞላቸው ቀለማቸውን ስለሚለውጡ፣ ተመራማሪው ማታ ባረፈበት ቤት ከረጢቶቹን አንድ በአንድ እያየ ቀለማቸው የተለወጠውን በአዲስ ይተካል። የመስክ ሥራ እኩሌታው እንዲህ ያለው የማታ ሥራ ነው።

በቤተ ሙከራ ደረቁ ቅጠል በሙቀጫ እንደ ዱቄት ይልማል። የዘርፉ ሰዎች የቡናን ቅጠል አስቸጋሪ ይሉታል፤ ተክሉ በውስጡ የያዛቸው ልዩ ልዩ ንጥረ ነገሮች ከዲኤንኤው ጋር ስለሚጣበቁ ነጭ መሆን የሚገባው ነገር ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ሲታጠብና እንደገና ሲታጠብ ቀኑ ይመሻል። ከጠራ በኋላ የሚፈለገውን የዲኤንኤ ክፍል ወደሚያባዛው፣ ፒሲአር ወደሚባለው ማሽን ይገባል። ይህ ዘዴ በ1983 እ.ኤ.አ. በካሪ ሙሊስ የተፈለሰፈ ሲሆን፣ ፈልሳፊውን በ1993 እ.ኤ.አ. ለኖቤል ሽልማት አብቅቶታል። ማሽኑ በመሠረቱ ሙቀትን በትክክል ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ምድጃ ነው፦ በ95 ዲግሪ አካባቢ የዲኤንኤው ሁለት ገመዶች ይለያያሉ፤ በ55 ወይም በ60 አካባቢ የሚፈለገውን ክፍል የሚያመለክቱ አጫጭር ቅንጣቶች ይጣበቃሉ፤ በ72 ደግሞ ቅጂው ይሠራል። በየዙሩ እጥፍ ስለሚሆን፣ ከ30 ዙር በኋላ አንዱ ቅንጣት አንድ ቢሊዮን ገደማ ይደርሳል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላሳይዎ። ተመራማሪዋ የእርስዎን ቅጠሎች በሃያና በሠላሳ ትንንሽ ብልቃጦች ውስጥ ከደረደረች በኋላ፣ መጨረሻ ላይ አንድ ብልቃጥ ትጨምራለች፤ በውስጡ ቅጠል የለም፣ ውኃ ብቻ ነው። ማሽኑ ሥራውን ሲጨርስ መጀመሪያ የምታየው ያንን የውኃ ብልቃጥ ነው። ምንም ካላሳየ እፎይ ትላለች። ከውኃው ውስጥ የቡና ዲኤንኤ ከተገኘ ግን፣ በአንድ ቦታ ንክኪ ተፈጥሯል ማለት ስለሆነ፣ የሌሎቹ ውጤት ምንም ያህል የሚያምር ቢሆን ሁሉም ይጣልና ሥራው ከመጀመሪያው ይደገማል። ፈሳሹን የምትለካበት ፒፔትም እንዲሁ በየጊዜው ይፈተናል። አንድ ማይክሮ ሊትር ውኃ አንድ ሚሊ ግራም ስለሚመዝን፣ ፒፔቱ ያነሣውን ውኃ በስሱ ሚዛን ላይ አሳርፋ ቁጥሩ እውነት መሆኑን ታረጋግጣለች። ጎብኚ የሚያየው ማሽኑን ነው፤ የሳይንቲስቱን ቀን የሚበላው ግን ማሽኑ እየዋሸ እንዳልሆነ ማረጋገጡ ነው።

ዓመት የሚፈጅበት ምክንያት በከፊል ይህ ነው። ኬሚካሎቹ ብዙውን ጊዜ ከውጭ ታዘው እስኪደርሱ ወራት ይወስዳሉ። ናሙናው ለተጨማሪ ምርመራ ወደ ውጭ አገር የሚላክ ከሆነ ደግሞ፣ የጄኔቲክ ሀብትን አወሳሰድና የማኅበረሰብን መብት በሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት ፈቃድ ያስፈልገዋል። ይህ ሕግ የእርስዎን ዓይነት ሰዎች መብት ለመጠበቅ የወጣ ስለሆነ፣ መዘግየቱ ቢያስቆጣም እንደግፈዋለን። ከዚህ ሁሉ በላይ ቡና ራሱ አይቸኩልም፤ ከተተከለ ሦስትና አራት ዓመት ሳይሞላው ፍሬ አይሰጥም። ዲኤንኤው ተስፋ የሚሰጥ ዛፍ ቢያመለክት እንኳ፣ ልጆቹ ተተክለው፣ አፍርተው፣ ተለቅመውና ተቀምሰው እስኪታዩ ድረስ ማንም በሙሉ ልብ አይናገርም። ሆኖም የሥራው ርዝመት ለዝምታው ምክንያት አይሆንም። የዛፎቹን ቁጥር ጽፈው፣ ተመራማሪዎቹ በሰጡዎት አድራሻ ሥራው የት እንደደረሰ ይጠይቁ፤ አድራሻ ካልሰጡዎት በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በኩል ያፈላልጉ። «ገና ነው» የሚል መልስም መልስ ነውና ሊነግሩዎት ይገባል።

ጥያቄ፦ «ከጅማ ከተማ፣ ከሄርማታ ነው የምጽፈው። ልጄ በጤና ምርምር ሁለተኛ ዲግሪዋን እየሠራች ነው። ሳይንቲስት ስትሆን ነጭ ጋዎን ለብሳ በቤተ ሙከራ የምትውል መስሎኝ ነበር። እርሷ ግን ከጠዋት እስከ ማታ ላፕቶፕ ላይ አፍጥጣ ትውላለች። ምን እየሠራሽ ነው ስላት ‹ዳታ እያጸዳሁ ነው› ትለኛለች። ይህ ሥራ ነው ወይስ እያታለለችኝ ነው?»

መልስ፦ ልጅዎ እውነቷን ነው፤ እንዲያውም ከሥራው ሁሉ አድካሚውን እየሠራች ነው። ዛሬ የመስክ መረጃ የሚሰበሰበው በአብዛኛው በወረቀት ሳይሆን በታብሌት ወይም በስልክ ነው። መረጃ ሰብሳቢው ቤት ለቤት እየዞረ መልሱን ይሞላል፤ ኔትወርክ ሲያገኝ ይልከዋል። ታብሌቱ አንዳንድ ስሕተቶችን ወዲያው ይይዛል፤ ለምሳሌ የአንድ ሰው ዕድሜ 250 ተብሎ ቢሞላ አልቀበልም ይላል። በእኛ አገር ግን ባህር ማዶ የተሠራው ፕሮግራም የማያውቃቸው ስሕተቶች አሉ።

ሰዓቱን ይውሰዱ። የወባ ትንኝ ለመያዝ ወጥመድ የዘረጋ ሰው «12 ሰዓት» ብሎ ሲጽፍ የማታ 12 ሰዓት ማለቱ ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን እኩለ ቀን ወይም እኩለ ሌሊት ብሎ ያነብበዋል። ትንኞቹ በስንት ሰዓት እንደሚናከሱ የሚያጠና ሰው ይህን ሳያስተካክል ቢያሰላ፣ መደምደሚያው ሁሉ በስድስት ሰዓት ይዛባል። የዘመን አቆጣጠሩም እንዲሁ ነው። እናትየው የልጇን የትውልድ ዘመን በእኛ አቆጣጠር ትናገራለች፤ ታብሌቱ የራሱን ቀን በአውሮፓውያኑ ይመዘግባል። ሁለቱ ሲቀናነሱ የሁለት ዓመቱ ሕፃን የዘጠኝ ወይም የአሥር ዓመት ልጅ ሆኖ ይወጣል። እንዲህ ያለው ልጅ ክብደቱ ከዕድሜው ጋር ሲነጻጸር ክፉኛ የተጎዳ ይመስላል፤ ጉዳቱ ግን በልጁ ላይ ሳይሆን በመዝገቡ ላይ ነው። የቦታ ስሞችም አሉ። አንዱ መረጃ ሰብሳቢ «ጎማ»ን በላቲን ፊደል ሲጽፍ አንድ «ኤም» ያደርጋል፣ ሌላው ሁለት፤ ኮምፒውተሩም ሁለት ወረዳ ብሎ ይቆጥራቸዋል።

ልጅዎ «አጸዳለሁ» የምትለው ይህን ነው። ጥሩ ተመራማሪ ዋናውን መዝገብ ፈጽሞ አይነካውም፤ በቅጂው ላይ ይሠራል፤ ያረመውንም ሁሉ «ይህን የለወጥኩት በዚህ ምክንያት ነው» ብሎ በጽሑፍ ያስቀምጣል። አር የተባለውን በነጻ የሚገኝ የስታቲስቲክስ ፕሮግራም የሚጠቀሙ ሰዎች እያንዳንዱን እርምጃ በትእዛዝ መልክ ስለሚጽፉ፣ ሌላ ሰው ያንኑ ትእዛዝ አስኬዶ ያንኑ ውጤት ማግኘት አለማግኘቱን ሊያረጋግጥ ይችላል። ከዚህ የተረፈውን ሰዓት ደግሞ በንባብ ታሳልፋለች። የዓለም ጤና ድርጅት ሂናሪ የተባለውን አገልግሎት ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመዘርጋቱ፣ እንደ እኛ ባሉ አገሮች የሚገኙ ተቋማት ውድ የሆኑ የሕክምና መጽሔቶችን በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ ያገኛሉ። ለእርሷ ያ ላፕቶፕ ቤተ መጻሕፍትም ነው። ዓይኗ እንዳይደክም አልፎ አልፎ ቡና ጠጪ ብለው ያስነሷት እንጂ፣ ሥራስ እየሠራች ነው።

ጥያቄ፦ «በጅማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህር ነኝ። የምርምር መሣሪያዎች የሚሠሩት በውጭ አገር፣ መብራት ለማይጠፋበትና አየሩ ለተለየ ቦታ ነው። እዚህ እንዴት ይሆናሉ?»

መልስ፦ መምህር፣ ጥያቄዎ ልባችንን ነክቶታል። ከከፍታው እንጀምር። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች፣ ውኃ እዚህ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። መቀቀል ብቻውን ሁሉንም ጀርም ስለማይገድል፣ ቤተ ሙከራዎች ኦቶክሌቭ የተባለውን፣ እንደ ቤት ፕሬዠር ድስት በእንፋሎት ግፊት የሚሠራ መሣሪያ ይጠቀማሉ፤ በ121 ዲግሪም ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ያቆዩታል። የግፊት መለኪያው ግን የሚያነብበው ከውጪው አየር ያለውን ልዩነት ነው፤ የጅማ አየር ደግሞ ከባሕር ዳርቻው የሳሳ ነው። በመመሪያው ላይ የሰፈረውን የግፊት ቁጥር ብቻ አምኖ የሚሠራ ሰው ሙቀቱ 121 ሳይደርስ ሊያቆም ይችላል። ስለዚህ ጠንቃቃ ባለሙያ የሚያምነው ቴርሞሜትሩን ነው። በየጊዜውም ሙቀትን እጅግ የሚቋቋም ባክቴሪያ የያዘች ብልቃጥ ከዕቃዎቹ ጋር አብሮ ይከትና፣ ከወጣች በኋላ ባክቴሪያው ይበቅል እንደሆነ ያያል።

እርጥበቱም ራሱን የቻለ ፈተና ነው። በጅማ ረጅም ክረምት የማይክሮስኮፕ መስተዋት ላይ ሻጋታ እንደ ሸረሪት ድር ይበቅላል፤ አንዴ ከያዘ መስተዋቱን ይበላዋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ አምፖል በሚበራበት ቁም ሣጥን ውስጥ ወይም ከሲሊካ ጄል ጋር በተዘጋ ሣጥን ማስቀመጥ።

መብራቱን በተመለከተ የራሴን ልንገርዎ። ከዓመታት በፊት በአንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ እሠራ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ የሰበሰብኩት የደም ናሙና ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ በሚያቀዘቅዝ ፍሪጅ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። በመስቀል በዓል ሰሞን መብራት ጠፋ፤ ጄኔሬተሩም አልተነሣም። መብራቱ ተመልሶ ስለነበር ከበዓሉ ስንመለስ ማሳያው «80» ይላል፤ ሁሉም ደኅና ይመስላል። የሣጥኑን ክዳን ስከፍት ግን በጎን በኩል የተጋደሙት ብልቃጦች ውስጥ ያለው በረዶ አግድም ተኝቶ አየሁት። ናሙናዎቹ የቀዘቀዙት ቆመው ነበር። ሟሙተው፣ ፈስሰው፣ ተጋድመው እንደገና ቀዝቅዘዋል ማለት ነው። እጄ ላይ ይዤ የቆምኩበት ደቂቃ ዛሬም አይረሳኝም። ሁሉንም ጣልናቸው።

ከዚያ ወዲህ በየፍሪጁ ውስጥ አንዲት ኩባያ አስቀምጣለሁ። ውኃውን አቀዝቅዤ፣ በበረዶው ላይ የአንድ ብር ሳንቲም አስቀምጬ እተወዋለሁ። ሳንቲሙ ላይ ከተገኘ በረዶው አልሟሟም፤ ሰምጦ ከተገኘ ማሳያው የፈለገውን ቢል ሟሙቷል። ዛሬ ሙቀቱን በየደቂቃው እየመዘገቡ በስልክ መልእክት የሚያስጠነቅቁ መሣሪያዎች አሉ፤ የሚችል ሁሉ ይግዛቸው። ሳንቲሙ ግን ባትሪ አይጨርስም። ተማሪዎችዎ በትምህርት ቤቱ ወይም በቤታቸው ፍሪጅ ሊሞክሩት ይችላሉ።

ጥያቄ፦ «በጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ላቦራቶሪ ተማሪ ነኝ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የወባ ተሕዋስያንን በማይክሮስኮፕ ፎቶ ላይ መለየት ጀምሯል ይባላል። እኔ የምማረው ከንቱ ሊሆን ነው?»

መልስ፦ አይሆንም፤ ምክንያቱንም ከራስህ ሙያ እናሳይህ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት በሳይንስ ውስጥ ትልቅ ሥራ መሥራቱን አንክድም። የፕሮቲኖችን ቅርጽ ለመተንበይ የዋለው አልፋፎልድ በ2024 እ.ኤ.አ. ዴሚስ ሀሳቢስንና ጆን ጃምፐርን የኬሚስትሪ ኖቤል አስገኝቷል። የደም ስላይድ ፎቶ የሚያነብቡ ፕሮግራሞችም በሥራ ለተጨናነቀ ባለሙያ እውነተኛ እገዛ ይሆናሉ። ፕሮግራሙ የሚያውቀው ግን ያሳዩትን ብቻ ነው። ተሕዋሱ እንዲታይ ደሙ የሚቀለምበት ጂምሳ የተባለው ቀለም ሳይጣራ ቀርቶ በስላይዱ ላይ የቀረ ዝቃጭ ለአንተም ለእርሱም ተሕዋስ ሊመስል ይችላል፤ አንተ ግን ቀለሙን ማን በጥብጦት እንደነበር ሄደህ መጠየቅ ትችላለህ።

ሌላም አለ። በየጤና ኬላው ሲሠራበት የቆየው ፈጣን የወባ ምርመራ ፋልሲፓረም የተባለው ተሕዋስ የሚያመነጨውን አንድ ፕሮቲን ይፈልጋል። በአፍሪካ ቀንድ፣ በኤርትራም በኢትዮጵያም፣ ይህን ፕሮቲን የሚሠራው ዘረ መል የጎደላቸው ተሕዋስያን ተገኝተዋል። እነዚህን የተሸከመ ሕመምተኛ በፈጣኑ ምርመራ «ነጻ» ተብሎ ትኩሳቱን ይዞ ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችላል። ጥርጣሬው የሚነሣው ምርመራው የለም ያለውን ተሕዋስ አንድ ባለሙያ በሺህ እጥፍ በሚያጎላ ማይክሮስኮፕ ሲያየው ነው፤ ጉድለቱን በፒሲአር ማረጋገጥ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ወባ የለም ከማለትህ በፊት 100 የእይታ ክበቦችን ፈልግ ሲሉህ የሚያስጨንቁህ ለዚህ ነው። ዘጠና ዘጠኙን አይተህ የሰለቸህ ቀን መቶኛውን አትተወው።